የራስንም የሌላውንም ማወቅ

የባዕድ አገር መሣሪያ ዜማችንን ያበላሻል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በአንጻሩ የጥንቱ ዜማ ጊዜው አልፎበታል፣ ፒያኖና ጊታር ይበቁናል የሚሉም አይታጡም። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል እላለሁ። ዜማን የሚያበላሸው መሣሪያው ሳይሆን፣ አንዱንም በወጉ ሳይማሩ ሁለቱን ለመቀላቀል መቸኮል ነው።

ለዚህ አባባሌ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ምስክር ላቅርብላችሁ። እማሆይ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው የአውሮፓን ሙዚቃ ተማሩ፤ በኋላም በካይሮ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ አልረኩም። ከመነኰሱ በኋላ በጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። ለፒያኖ የደረሷቸው ሥራዎች የሁለቱ ትምህርቶች ፍሬ ናቸው። መሣሪያው የአውሮፓ ቢሆንም ከውስጡ የሚሰማው የአገር ቤት ቅኝት ነው። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ሲያርፉ፣ ሥራዎቻቸው በብዙ አገሮች ይደመጡ ነበር።

አዲስ ስልት መፍጠር ለደቡብ ጎንደርም እንግዳ አይደለም። የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ማዕበል ተመልክተው አዲስ የዝማሜ ስልት እንደ ፈጠሩ ይነገራል። ስልቱም በልጃቸው በተክሌ ስም ተጠርቶ በደብረ ታቦር ጸንቷል። በእኔ አስተያየት ሊጸና የቻለው፣ ፈጣሪው ነባሩን አቋቋም ጠንቅቀው የሚያውቁ ሊቅ ስለ ነበሩ ነው። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ለማስመስከር የሚደክም ደቀ መዝሙር ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት አስቡ። ፒያኖም ከዚህ ያነሰ ትጋት አይጠይቅም።

«ፒያኖ የማሲንቆን ድምፅ ሁሉ ማውጣት አይችልም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ የፒያኖ ድምፆች አስቀድመው የተወሰኑ ናቸው፤ የማሲንቆ ተጫዋች ግን ጣቱን በጭራው ላይ እያንሸራተተ በመካከላቸው ያሉትንም ያወጣል። ነገር ግን ይህን ጉድለት ለይቶ የሚያውቀው ማን ነው? ማሲንቆን በጥሞና ያደመጠ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ ፒያኖ ወይም ጊታር የመማር ዕድል ብታገኙ አትሽሹ። በዚያው ልክ ትዝታን፣ ባቲን፣ አንቺሆዬንና አምባሰልን በጆሯችሁ መለየት ተማሩ። አዝማሪው ሲጫወት ቀርባችሁ አድምጡ፤ ያልገባችሁንም ጠይቁ። ሁለቱንም ሳታውቁ የምትቀላቅሉት ዜማ የማንም አይሆንም።