የፀሐይ ኃይልና የተማሪዎች ሙከራ

ፀሐይ ለሁሉ ያለ ዋጋ ታበራለች፤ ብርሃኗን ለሥራ የሚያውለው ግን ዕውቀት ነው። ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል ብርሃን ኤሌክትሪክ እንደሚያስገኝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1839 ዓ.ም. ሲገልጥ ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበረ።

ሶላር የሚባለው የሲሊኮን ሰሌዳ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ በየዲግሪው ከኃይሉ 0.4 በመቶ ያህል ይጐድልበታል። ተማሪዎች ሁለት እኩል ሰሌዳዎችን ጎን ለጎን አኑረው፥ አንደኛውን በውሃ እያበረዱ የሁለቱንም ኃይል ቢለኩ ይህን በዐይናቸው ያያሉ። ሰሌዳው ከቆርቆሮው ከፍ ብሎ ቢተከልና ነፋስ ከሥሩ ቢያልፍ እንደሚሻልም ያስተውላሉ። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት የኢትዮጵያ ገጠር፥ የጤና ጣቢያውን መብራት ከዚህ ሰሌዳ ለሚጠብቅ ሕመምተኛ ይህ ጥቂት ትርፍ አይደለም።

ስለዚህ መምህራን ትምህርቱን በቃል ብቻ ሳይወስኑ መለኪያውን በተማሪው እጅ ሊያኖሩት ይገባል።