ጎጆ መውጣት ያቃተው ትውልድ

በሰሜን ወሎ፣ በመርሳም ሆነ በውርጌሳ ሰባትና ስምንት የወለዱ እናቶችን ማግኘት አይከብድም። የእነሱ ሴት ልጆች ግን ሦስት ወይም አራት ሲደርሱ ማቆም ይፈልጋሉ። በ1992 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ ወደ 6 የሚጠጋ ልጅ ትወልድ ነበር። በ2008 ዓ.ም. አማካዩ 3.7 ሆነ፤ ያኔ የአገሪቱ አማካይ 4.6 ነበር።

ሴቶቻችን ዘግይተው ስላገቡ የመጣ ለውጥ እንዳይመስለን። በዚያው በ2008ቱ ጥናት በክልሉ ካሉት ከ25 እስከ 49 ዓመት ሴቶች ግማሾቹ 16 ዓመት ከጥቂት ወራት ሳይሞላቸው ተድረዋል። ገና በልጅነቷ የተዳረችው ሴት ናት ራሷ ልጇን መጥና የወለደችው። ካገቡት 100 ሴቶች 47ቱ ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ ነበር። ይህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ዞራ ያስተማረችው ትምህርት፣ በጤና ኬላ የሚሰጠው የሦስት ወር መርፌና ክንድ ላይ የሚቀበረው መድኃኒት ፍሬ ነው። የልጆች ሞት መቀነሱም አስተዋጽኦ አለው፤ የወለዱት እንደሚያድግ ያመነ ወላጅ ለመጠባበቂያ አይወልድም። የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ደግሞ ማሳው ለሁለት ልጅ እንኳ ቢቆረስ ጎተራ እንደማይሞላ ያውቃል። የ1966ንና የ1977ን ድርቅ ያየ ወሎዬ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን ብሂል በጥርጣሬ ቢሰማ አይፈረድበትም።

ይህንን መቀነስ ጋዜጣችን በደስታ ይቀበለዋል። የምንሰጋው ወጣቱ ፈልጎም ጎጆ መውጣት እንዳያቅተው ነው።

አዲስ አበባ በ1992 ዓ.ም. በአንዲት ሴት በአማካይ 1.9 ልጅ፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ 1.4 ደርሳ ነበር። አንድ ሕዝብ ራሱን ለመተካት በአማካይ 2.1 ያስፈልገዋል። ዋና ከተማችን እዚያ የደረሰችው በልጽጋ አይደለም፤ ሥራ አጥነቱና የቤት እጦቱ ወጣቱን ከትዳር ስላራቁት ጭምር ነው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ ሴቶቿ በአማካይ 6 ልጅ ይወልዱ ነበር፤ በ2023 ግን 0.72 ብቻ። የቤት ዋጋው፣ የልጅ ማስተማሪያው ወጪ፣ እናት ከሥራዋና ከልጇ አንዱን እንድትመርጥ የሚያስገድደው የሥራ ባህል እዚያ አደረሷት። መንግሥቷ ለወላጆች ብዙ ገንዘብ ቢያፈስም የራቀውን ትዳር መመለስ ከብዶታል። የጃፓን ሕዝብ ከዓመት ዓመት ያንሳል፤ ቻይናም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ተከትላለች።

ወልድያ ሴኡል አይደለችም፤ የሰው እጥረትም የለብንም። ነገር ግን ከመርሳ ሴቷ ለዓረብ አገር የቤት ሥራ፣ ወንዱ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ሲሄድ ትዳር ለመመለሻ ቀን ይቀጠራል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያና መርሳ ሲደርስ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ሰላሙም እስካሁን አልጸናም። ሳትፈልግ የምታረግዝ ሴትና ፈልጎ ጎጆ መውጣት ያልቻለ ወጣት በአንድ ቀበሌ ይኖራሉ። ሁለቱም ምርጫቸውን ተነጥቀዋል።

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው። የጤና ኬላ መድኃኒት በማናቸውም ምክንያት መቋረጥ የለበትም። 18 ዓመት ያልሞላትን ልጅ መዳር ሕግ ከልክሏል፤ ቀበሌም ሽማግሌም ሕጉን ያስከብሩ። የወልድያና የመርሳ አስተዳደሮች ለወጣቱ የቤት መሥሪያ ቦታና የሥራ ብድር ከሌላው ሁሉ ያስቀድሙ። ፌዴራል መንግሥቱም ሕዝቡን ይቁጠር። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ሰሜን ወሎን 1.5 ሚሊዮን ብሎ የመዘገበው፣ የአማራ ሕዝብ ከተገመተው በ2.4 ሚሊዮን አንሶ ተገኘ ተብሎ ምክር ቤት ድረስ ያነጋገረው። ቀጣዩ ደጋግሞ ተራዝሟል። ከዚያ በማግስቱ ዓመት የተወለደች ልጅ ዛሬ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፤ ተቆጥራ ግን አታውቅም።