ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም



እንደሚታወቀው ክረምቱ ገብቷል። ብርዱ ሲጠና፥ መብራትም ሲጠፋ ማንደጃው ከደጅ ወደ ቤት ይገባል፤ በር ይዘጋል፤ የመስኮቱ ቀዳዳ በጨርቅ ይወተፋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ማታ በደህና የተኙ ሰዎች ጠዋት በራቸው ተሰብሮ ይገኛሉ። ለቅሶ ላይም «ቀኑ ደርሶ ነው» እንባባላለን። ቀኑ ደርሶ አይደለም፤ ከሰል ነው!

ብዙዎቻችን «ጭሱ እስኪያልቅ ደጅ ነበር፤ ከቀላ በኋላ ነው ያስገባሁት፤ ምን ያደርጋል?» እንላለን። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የሚገድለው ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። መልክም ሽታም የለውም። ከቀላውም ፍም ይወጣል። ስንተነፍሰው ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋር የሚጣበቀውም ኦክስጅን ከሚጣበቅበት ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል ማለት ነው። የተኛ ሰውማ ሳይነቃ ይቀራል። ዕጣን ቢጨስበት፥ ውኃ ቢጣድበት ጋዙ አይጠፋም።

እኔም ከዚህ ስሕተት አልዳንኩም። ባለፈው ክረምት ልጆቼ ራሳቸውን አሟቸው ሲያስመልሳቸው «ያደረ ወጥ በልታችሁ ነው» ብዬ ተቆጣሁ። በሩን የከፈትኩት እኔንም ሲያዞረኝ ነው። ደጅ ወጥተን ነፋስ ሲያገኘን ተሻለን። እንግዲህ የአንድ ቤት ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፥ ካዞረው፥ ካቅለሸለሸው፥ ወጡንም ጋኔኑንም ከመውቀሳችሁ በፊት ማንደጃውን ተመልከቱ።

ክፍል የሚያከራዩ አባሎቻችንንም ዝም አንልም። በየግቢው ከአጥር ግንብ ጋር ተያይዘው የተሠሩ መስኮት አልባ ክፍሎች አሉ። ተከራይዋ ምግብ የምትሠራው፥ ልጇን ይዛ የምትተኛው እዚያው ነው። ደጅ እንዳታነድ «ግቢ ታቆሽሻለች» ተብላ ተከልክላለች። መስኮት ክፈቱላት ስል «ኪራዩን ቀንሼላት የለም እንዴ!» የሚል መልስ ተሰጥቶኛል። ለመሆኑ ንጹሕ አየር በኪራይ ቅናሽ ይለወጣል?

ማኅበራችንም ከወቀሳ አይድንም። ድንኳንና ወንበር ገዝተናል፤ ሰው ሲሞት እንሮጣለን። በቁሙ ግን የማንንም በር አንኳኩተን «ማንደጃው የት ነው የሚያድረው?» ብለን አናውቅም። ሥራችን መቅበር ብቻ ከሆነ በግልጽ ይነገረን!

በመሆኑም፦

1ኛ/ ከሰል ደጅ ይቀጣጠል፤ ደጅም ይዋል። መስኮት ገርበብ ማድረግ ከሰልን ቤት ለማሳደር ፈቃድ አይደለም።

2ኛ/ አከራዮች በየክፍሉ የሚከፈት መስኮት ያውጡ፤ ለተከራይም ደጅ የማንደጃ ቦታ ይስጡ።

3ኛ/ በጋዙ የተመታ ሰው ያገኘ በሩን ከፍቶ ፈጥኖ ወደ ደጅ ያውጣው፤ ሎሚ በማሽተት ጊዜ ሳያጠፋ ኦክስጅን ወደሚሰጥበት ሐኪም ቤት ያድርሰው።

4ኛ/ ቤት ለቤት ዞሮ የሚመለከት ኮሚቴ በሚቀጥለው ስብሰባ ይመረጥ።

ይህን የሚቃወም ካለ በስብሰባው ተነሥቶ ይናገር፤ ፊት ለፊት እመልስለታለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ