በእናት ስም የሚለመን ቁራሽ

ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ ሲቆም የሰነበተው ማኅሌተ ጽጌ ኅዳር 5 ቀን ይፈጸማል፤ በማግሥቱም የደብረ ቁስቋም በዓል ይከበራል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አባ ጽጌ ድንግል እንደ ደረሰው የሚነገርለት ይህ ድርሰት እመቤታችንን በአበባ እየመሰለ ያወድሳል። አብሮት የሚዜመው ሰቆቃወ ድንግል ግን ውዳሴውን ወደ ልቅሶ ይመልሰዋል። የሄሮድስን ሰይፍ የሸሸች እናት ሕፃኗን ታቅፋ በበረሃ ስትንከራተት፣ ስትራብና ስትጠማ ሊቃውንቱ በዜማ ያለቅሱላታል።

ይህ ልቅሶ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው እንግዳ አይደለም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሁለቱ ከተሞች በዘለቀ ጊዜ ወቅቱ ይኸው ዘመነ ጽጌ ነበር። አስቀድመው ከሰሜን ወሎ ተፈናቅለው በደሴ የተጠለሉ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ዳግመኛ ተሰደዱ። ያን ቀን ያየች እናት የስደቱ ዜማ ሲነሣ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ብታስጠጋ ማን ይፈርድባታል?

እኛ ግን ዛሬ ልናነሣት የወደድናት እናት ሌላ ናት፤ ይኸውም የማኅሌተኛው እናት ናት። መሪጌታ ሆኖ ለመቆም ንባቡን፣ ጾመ ድጓውን፣ ድጓውን፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን፣ አቋቋሙን ከየመምህሩ እግር ሥር መማር ያሻል። ስለዚህም ሕፃኑ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ገና በጨቅላነቱ ከእናቱ ይለያል። (ሳያስፈቅድ ጠፍቶ የሚሄደውም ጥቂት አይደለም።) ነቢዩ ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ የሰጠችው ሐና በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። የእኛዪቱ እናት ግን ብዙ ጊዜ ልጇ ከየትኛው ደብር እንዳለ እንኳ አታውቅም፤ መደረቢያውን ለማን ትስጠው?

ልጁም በየደጁ እየቆመ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። በእናት ስም ለምኖ፣ ባልወለደችው እናት እጅ ይጎርሳል። ይህ ሥርዓት ሊቃውንትን ለዘመናት አሳድጓል። ኮምቦልቻ ግን የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ሠራተኛዪቱ ጧት ወጥታ ማታ ትገባለች፣ በሯም ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል። ይህን እኛ ከንፍገት አንቆጥረውም፤ ኑሮው የለወጠው ነገር ነው። የተዘጋ በር የሚያንኳኳው ሕፃን ግን ጦሙን ያድራል፣ ሲብስበትም ድጓውን ትቶ የቀን ሥራ ፍለጋ ይሄዳል።

ስለዚህ ልመናው በር ለበር መሆኑ ቀርቶ በየጽዋ ማኅበሩ እንዲደራጅ እናሳስባለን። ለወርኃዊው ዝክር ከሚጋገረው እንጀራ ጥቂቱ በአጥቢያው ወዳለው የአብነት ትምህርት ቤት ይሂድ፤ አንድ ማኅበር የአንድ ተማሪ ቀለብና ልብስ ቢችል አይከብደውም። ከዚህም ጋር አንድ ቀላል ነገር አለ። የእጅ ስልክ በየኪሱ ባለበት በዚህ ዘመን፣ በቁስቋም ዕለት ተማሪውን ወደ ቤታችን ጠርተን ካበላነው በኋላ፣ ስልካችንን አቀብለን ለእናቱ ድምፁን እንዲያሰማት እናድርግ።