መድፉ ኋላ ይጫናል

ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ወደ አዳማ የሚወርደው ፈጣን መንገድ የጅቡቲ መንገድ ነው። ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ ሲመላለስበት የሚያየው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ ባሕሩን ባያየውም ዘይቱና ስንዴው በዚያ በኩል እንደሚመጣ ያውቃል። ስለዚህ መንግሥት በ2011 ዓ.ም ከፈረንሳይ ጋር ተስማምቶ ባሕር ኃይሉን እንደገና ማደራጀት መጀመሩ ለዚህ ሰፈርም ሩቅ ወሬ አይደለም። የማደራጀቱን ሐሳብ አልቃወምም። ቅደም ተከተሉ ግን ያሳስበኛል፤ ገንዘቡ ከጦር ጀልባ በፊት ለንግድ መርከብና ለመርከበኛ መዋል አለበት እላለሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታላላቆቹ ባሕር ኃይሎች እንኳ የባለጸጎችን የመዝናኛ መርከብ እየወሰዱ አስታጥቀዋል። አሜሪካ «አራስ» የተባለችውን የአንድ ባለሀብት መርከብ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም ወስዳ፣ ስሟን «ዊሊያምስበርግ» ብላ፣ መድፍ ጭና በግማሽ ዓመት ገደማ ውስጥ ለአገልግሎት አበቃቻት። የእንግሊዙ ሎርድ ሞይን «ሮዛውራ» ደግሞ መንገደኛ ማመላለሻም፣ በአንደኛው ጦርነት ሆስፒታልም፣ የጌታ መዝናኛም ሆና ነው የታጠቀችው። እርግጥ «ሮዛውራ» ጃንሆይ አዲስ አበባ ከመግባታቸው ሁለት ወር ሳይሞላ በፊት ቶብሩክ አጠገብ በፈንጂ ሰጥማለች። የመዝናኛ መርከብ ለጦርነት ደካማ ነው የሚለኝ ሰው በዚህ አይሳሳትም። ነገር ግን እነዚህ መርከቦች ሲቃኙና ሲያጅቡ፣ ብርቱዎቹ ለሌላ ግዳጅ ይለቀቁ ነበር። መርከብ በወራት ይለወጣል፤ የሚነዳትና ሞተሯን የሚያውቅ ሰው ግን በወራት አይገኝም።

የእኛም ታሪክ ያንኑ ይመሰክራል። የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ» አሜሪካኖች ለባሕር አውሮፕላን ድጋፍ የሠሯት «ኦርካ» ነበረች። በ1954 ዓ.ም መጥታ የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች፤ በ1983 ወደ የመን ሸሽታ በመጨረሻ ለብረት ተሸጠች። ጅቡቲ የደረሱት ሌሎቹም በ1989 በወደብ ዕዳ ሐራጅ ወጡ። በ1956 የተቋቋመው የንግድ መርከብ ድርጅት ግን ወደቦቹ ከሄዱም በኋላ ሰንደቃችንን ይዞ ሲጓዝ ኖሯል። ወደብ የሌለው አገር ባሕር ላይ የሚቆየው በምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ሁቲዎች ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በቀይ ባሕር የንግድ መርከብ ሲመቱ ጭነት ምን ያድናል ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ አያድንም፤ አንዲት ጠባቂ ጀልባም ሚሳይል አትመልስም። ሁለቱም ግን ያለ ሠለጠነ ሰው አይንቀሳቀሱም፤ የባሕር ዳር ማሪታይም አካዳሚ ያሠለጠናቸው ብዙ መሐንዲሶች ዛሬ በውጭ ኩባንያ መርከብ ላይ ናቸው። አዲሱ ባሕር ኃይል የመጀመሪያውን መዝገብ ሲከፍት ከጀልባው ቁጥር በፊት የእነሱን ስም ይጻፍበት።