ቀጠሮ ለሁለት

 

«ዴት» የሚለውን ቃል በአማርኛ ለመናገር ብትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ «ቀጠሮ» የሚለው ነው። ቀጠሮ ማለት ሁለት ሰዎች በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እዚህ ቦታ እንገናኝ ብለው ሲስማሙ ነው። ሐኪም ቀጠሮ ይሰጣል። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይሰጣል። ፍቅረኞችም ቀጠሮ ይይዛሉ። ቃሉ አንድ ነው፤ የልብ ምቱ ግን ይለያያል።

ብዙ ባልና ሚስት ከተጋቡ በኋላ ቀጠሮ የሚባለው ነገር ይቀራል። አንድ ቤት እየኖሩ ምን ቀጠሮ ያስፈልጋል? በእኛ ቤት እኔ ሌሊት እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ቀን ይሠራል። ጠዋት እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። በር ላይ እንገናኛለን። «ወተት አልቋል»፣ «የመኪናው ኢንሹራንስ ተከፍሏል?»፣ «ልጁን ማን ያመጣዋል?» እንባባላለን። ብዙዎቻችሁ ያደጋችሁት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ስለሆነ ታውቁታላችሁ። ወላጆቻችሁ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠው ሲያወሩ ያያችሁት ስንት ጊዜ ነው?

በተጋባን በሃያኛው ዓመት ትልቋ ልጄ ሁለት ትኬት ሰጠችን። የእራትና የቴአትር ትኬት ነው። «እማዬ፣ አባዬን ይዘሽ ውጪ» አለችኝ። አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ነገሩን ሲሰሙ «ምን ጎድሎባችሁ ነው ከቤት ወጥታችሁ የምትበሉት?» አሉ። በእሳቸው ዘመን ባልና ሚስት አብረው ከቤት የሚወጡት ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ለክርስትና ወይም ለቤተ ክርስቲያን ነው። እንግዳ ሳይኖር፣ በዓል ሳይሆን ለሁለት ብቻ መብላት ለእሳቸው እንግዳ ነገር ነው። ቢሆንም «ልጁን እኔ አያለሁ፣ ሂዱ» ብለው ሸኙን።

የሄድንበት ቦታ ሼክስፒር ታቨርን ይባላል። ታቨርን ማለት የድሮ መጠጥ ቤት ነው፤ በእኛ አገር «ጠጅ ቤት» ብንለው ይቀርባል። የሚገኘው ፒችትሪ ጎዳና ቁጥር 499፣ ከኤመሪ ሚድታውን ሆስፒታል ፊት ለፊት ነው። የቴአትር ቡድኑ የተነሣው እውነተኛ መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ማኑኤልስ ታቨርን በተባለው የአትላንታ መጠጥ ቤት የመጀመሪያ ሥራውን አሳየ። በ1990 አሁን ወዳለበት ቤት ገባ። የሕንፃው ፊት እ.ኤ.አ. በ1599 ለንደን ውስጥ የተሠራውን የሼክስፒርን ግሎብ ቴአትር እንዲያስታውስ ተደርጎ ተሠርቷል። ቡድኑ የሼክስፒርን ተውኔቶች በሙሉ መድረክ ላይ አውጥቷል። (ተውኔት ማለት ለመድረክ የተጻፈ ድርሰት ነው።)

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሩ ትርኢቱ ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ ይከፈታል። ምግቡ ለብቻው ይከፈላል። የእንግሊዝ መጠጥ ቤት ምግብ ነው፤ ሥጋ ከሥር፣ የተፈጨ ድንች ከላይ ሆኖ የሚጋገረው ሼፐርድስ ፓይ አለ፤ ትልቅ ሳምቡሳ የሚመስለው ፓስቲም አለ። ሰው ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ በልቶ ይጨርሳል፤ ከዚያ ቴአትሩ እዚያው ፊቱ ይጀምራል። ተዋንያኑ የዘመኑን ልብስ ይለብሳሉ፤ ሰይፍ ይማዘዛሉ፤ ተመልካቹን ዐይን ዐይኑን እያዩ ያናግሩታል። በሼክስፒር ጊዜም እንዲሁ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትርኢታችን የሚጀምረው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ልጄ ትኬቱ ላይ ሰባት ተኩል ይላል አለች። ሁለቱም ልክ ነው። በአማርኛ የሌሊቱ ቆጠራ የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ስለዚህ የአሜሪካው ሰባት ሰዓት ለእኛ አንድ ሰዓት ይሆናል። ለአያታችሁ ቀጠሮ ስትሰጡ ስድስት መደመር ወይም መቀነስ አትርሱ። «የሐበሻ ቀጠሮ» የሚባል ቀልድም አለን፤ አንድ ሰዓት አርፍዶ መምጣት ማለት ነው። ቴአትር ግን አይጠብቅም።

እራት እየበላን ባለቤቴ የትምህርት ቤት ትዝታውን አነሣ። ያን ምሽት የሚታየው «ኦቴሎ» ነበር። እሱ ኦቴሎን የሚያውቀው በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ ነው። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ መልሷል። ጸጋዬ እ.ኤ.አ. በ1936 አምቦ አካባቢ ተወልዶ በ2006 ኒው ዮርክ ውስጥ ያረፈ ታላቅ ጸሐፌ ተውኔት ነው። ከበደ ሚካኤል ደግሞ ሮሚዮና ዡልየትን በአማርኛ ጽፈዋል። ስለዚህ ሼክስፒር ለወላጆቻችሁ እንግዳ ላይሆን ይችላል። ጠይቋቸው።

እየበሉ ጨዋታ ማየትም ለእኛ አዲስ አይደለም። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በጠረጴዛው መካከል ይዞራል፤ የተቀመጠውን ሰው እያየ ስለ ልብሱ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ ገንዘቡ እዚያው ግጥም ይፈጥራል። ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይስቃል፣ ይሸልማል። ዘመናዊው የአማርኛ ቴአትርም ቢሆን የተጀመረው በቴአትር አዳራሽ አይደለም። በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ከመቶ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ነው ለመኳንንቱ የታየው። በእንስሳት ተረት አድርገው የመንግሥትን ሥራ ስለነቀፉ ተውኔቱ ታገደ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ትልቁ አዳራሽ በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። እነዚህ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ። የሼክስፒር እንግሊዝኛ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። እኔ ከሦስት ቃል አንዱ ያመልጠኝ ነበር። አጠገባችን የተቀመጡት እዚሁ የተወለዱ ሰዎችም አንዳንዴ ግራ ተጋብተው ይተያዩ ነበር። ቢሆንም ታሪኩ አላመለጠንም። የተዋናዩ ፊት፣ የድምፁ መውጣትና መውረድ፣ የእጁ እንቅስቃሴ ያልገባንን ቃል ይሞላል። ያን ጊዜ እናንተን አሰብኩ። አያታችሁ ሲያወሩ ግማሹ ቃል ሲያመልጣችሁ ዝም ብላችሁ የምትቀመጡት እንዲህ ነው። ሁሉም ቃል እስኪገባችሁ አትጠብቁ። ፊታቸውን እያያችሁ ስሙ። ታሪኩ ይደርሳችኋል፤ ቃላቱ ቀስ ብለው ይከተላሉ።

የኦቴሎን ታሪክ ባጭሩ ልንገራችሁ። ኦቴሎ ጀግና ጦር አዛዥ ነው። ዴስዴሞና የምትባል ሚስቱን ይወዳታል። ኢያጎ የሚባል ክፉ ሰው ግን «ሚስትህ ሌላ ሰው ወዳለች» እያለ ጆሮውን ይሞላዋል። ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርበው አንድ መሐረብ ነው። ኦቴሎ ነገሩን በሆዱ ይዞ ይቃጠላል። መጨረሻው ሞት ነው።

አማርኛ ለዚህ ጥሩ አነጋገር አለው፤ «ሆድ ይፍጀው» ይባላል። ለሰው የማይነገር ነገር በሆድ ውስጥ ይቅር፣ እዚያው ይለቅ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ምስጢር የሚቀመጠው በልብ ነው፤ በአማርኛ ሆድም የምስጢር ቤት ነው። «ሆደ ሰፊ» ማለት ቻይ፣ ታጋሽ ሰው ነው። «ሆድና ጀርባ» የሆኑ ሰዎች አይግባቡም። እኛ ብዙ ነገር በሆዳችን እንይዛለን፤ ጨዋነት ነው ብለን ስለተማርን።

እኔም ያን ሰሞን በሆዴ የያዝኩት ነገር ነበረኝ። አንዲት የማውቃት ሴት ቡና ላይ «ባልሽን ማክሰኞ ቀን አየሁት፤ መኪናው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ነበር» አለችኝ። ማክሰኞ ቀን እሱ ሥራ ላይ መሆን ነበረበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ቦታ እንዳየችው ነገረችኝ። በክፋት አልነበረም፤ ወሬ ነው። ግን መሐረቡ እጄ ገባ።

ትርኢቱ አልቆ በፖንስ ደ ሊዮን ጎዳና ወደ ቤታችን ስንመለስ ባለቤቴ ዝም ብሎ ይነዳ ነበር። ከዚያ «ይገርማል» አለ፣ «ኦቴሎ አንድ ጥያቄ ቢጠይቃት ኖሮ ሁሉም ይተርፉ ነበር።»

«እንግዲያው እኔ አንድ ልጠይቅህ» አልኩት። «ማክሰኞ ቀን ቀን የት ነህ?»

ቀይ መብራት ላይ ነበርን። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ያለው መኪና እስኪያጮህ ድረስ አልመለሰልኝም። ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ። በሥራ ቦታው ሰዓቱን ከቀነሱበት ሦስት ወር ሆኖታል። ጠዋት በተለመደው ሰዓት ከቤት ይወጣል፤ ሥራ በሌለው ቀን ምግብ በማድረስ ሲሠራ ይውላል፤ ትእዛዝ በሌለ ሰዓት መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። «ብነግርሽ ሌላ ሌሊት ትጨምሪ ነበር» አለኝ። «ሁለት ሌሊት ትጨምሪ ነበር። እግርሽን አላየሁም መሰለሽ?»

መኪናውን አንድ ነዳጅ ማደያ ጥግ አቆምነው። አንድ ሰዓት ያህል እዚያ ተቀምጠን አወራን። ስለ ገንዘቡ አወራን፤ ስለ እግሬ አወራን፤ ከዚያ ስለ ዴስዴሞና ተዋናይት ልብስ አወራን። አማቴ ስልክ ደውለው «ደኅና ናችሁ ወይ?» ሲሉ ባለቤቴ «ደኅና ነን እማዬ፣ እየተጫወትን ነው» አላቸው። በአማርኛ «መጫወት» ማለት ኳስ መጫወት ብቻ አይደለም። ከሰው ጋር ደስ ብሎ ማውራትም መጫወት ይባላል። ትልልቅ ሰዎችም ይጫወታሉ።

ችግራችን በአንድ ምሽት አልተፈታም። የተቀነሰው ሰዓት ዛሬም አልተመለሰም። ግን ሁለታችንም የምናውቀው ችግር ሆነ፤ ወጪያችንን አብረን ቀነስን፤ እሱም ሌላ ሥራ በግልጽ መፈለግ ጀመረ።

አንድ ወጪ ግን አልቀነስንም። የሁለት ሰው ዕቁብ ጀመርን። ዕቁብ ማለት ሰዎች በየሳምንቱ እኩል ገንዘብ እያዋጡ በተራ የሚወስዱት ነው። የእኛ ዕቁብ አባላቱ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዕጣም የለውም። በየሳምንቱ እኔ 15 ዶላር፣ እሱ 15 ዶላር የቡና ቆርቆሮ ውስጥ እናስቀምጣለን። በስምንት ሳምንት 240 ዶላር ይሆናል። ለሁለት ትኬት፣ ለእራትና ለመኪና ማቆሚያ ይበቃል። ስለዚህ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ቀጠሮ አለን። አንዳንዴ ሼክስፒር ታቨርን እንመለሳለን። ገንዘቡ ለሌላ ነገር ከተነካ ብራይርክሊፍ መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ገብተን አንድ በያይነቱ ለሁለት እንበላለን። ሕጋችን አንድ ነው፤ የቤት ክፍያና የልጆች ጉዳይ ከምግቡ በኋላ ነው የሚነሣው።

አማቴ አሁንም ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልተዋጠላቸውም። ቀጠሯችን ሲደርስ ግን ከእኛ ቀድመው ያስታውሳሉ። ባለፈው ጊዜ የልጃቸውን ሸሚዝ ራሳቸው ተኩሰው አልጋው ላይ አስቀመጡለት።

በዚህ ሳምንት ለእናንተ ሥራ አለኝ። እናታችሁን ወይም አባታችሁን በአማርኛ ይህን ጠይቁ፦ «ከመጋባታችሁ በፊት የመጀመሪያ ቀጠሯችሁ የት ነበር?» መልሱ ረጅም ከሆነ አታቋርጧቸው። ያልገባችሁን ቃል ጽፋችሁ ያዙና በኋላ ጠይቋቸው። ከተቻላችሁም አንድ ቅዳሜ ማታ ታናሽ ወንድማችሁን ወይም እኅታችሁን ጠብቁላቸው፤ የመኪናውን ቁልፍ እጃቸው ላይ አድርጉና «ሂዱ፣ ተጫወቱ» በሏቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ።