የወባ መድኃኒቶች ንጽጽርና የአርባ ምንጭ ማስረጃ

አርባ ምንጭን ጨምሮ በጋሞ ዞን ቆላማ አካባቢዎች ወባ ዋነኛ የጤና ችግር ነው። ከአምጪ ተሕዋስያኑ አንዱ የሆነው ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ፣ በሽታው ከተሻለ በኋላ ሊያገረሽ ይችላል።

አገርሽቶውን ለመከላከል ፕሪማኩዊን ለ14 ቀናት ሲሰጥ ቆይቷል፤ ሕክምናው ረጅም በመሆኑ ግን ሳይጨርሱ የሚያቋርጡ አሉ። አርባ ምንጭንና መተሐራን ጨምሮ በአራት አገሮች የተካሄደውና በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ኢምፕሮቭ ጥናት፣ በጠቅላላ መጠን እኩል የሆነው የ7 ቀን ሕክምና ከ14 ቀኑ እንደማያንስ አሳይቷል።

ሌላው አማራጭ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰደው ታፌኖኩዊን ነው። ኢትዮጵያ በተሳተፈችበት ሌላ ጥናት፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 62.4 በመቶው፣ ማስመሰያ ከወሰዱት ደግሞ 27.7 በመቶው ለስድስት ወራት አላገረሸባቸውም።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? የሁለት ጥናቶችን ውጤት በቀጥታ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያሳስታል። ተገቢው ስልት እያንዳንዱ መድኃኒት በራሱ ጥናት ከማስመሰያው ምን ያህል እንደበለጠ ለክቶ፣ ልዩነቶቹን ማወዳደር ነው። ብዙ ሕክምናዎችን በዚህ መንገድ የሚያገናኘው ስልት ኔትወርክ ሜታ-አናሊሲስ ይባላል።

ስልቱ የሚያስተማምነው ጥናቶቹ በታማሚዎች፣ በመድኃኒት መጠንና በክትትል ጊዜ ሲመሳሰሉ ነው። በታፌኖኩዊኑ ጥናት ለንጽጽር የቀረበው ፕሪማኩዊን ግን በጠቅላላ መጠኑ የኢምፕሮቭን ግማሽ ያህል ነበር፤ ክትትሉም ስድስት ወር እንጂ እንደ ኢምፕሮቭ አንድ ዓመት አልነበረም። በመሆኑም የሕክምና ምርጫ በመድኃኒቱ ስም ብቻ ሳይሆን፣ በመጠኑና በጂ6ፒዲ ምርመራ በሚረጋገጠው ደኅንነቱ ላይ ሊመሠረት ይገባል።